ሞላ ጎደለ

የአጎቴን ሚሌቼንቶ፣ ክሬም ቀለሟን ፊያት፣
ከፍ ብላ ቆማ ባያት
አንገቷን ያሰገገች ሰጎን መሰለችኝና፣
"ዝቅ በይ!" ብዬ ፈረድኩና
በብረት መጋዝ ገዘገዝኩት የፊቷን ሞላ፤
ባሌስትራዋንም አስተኛሁት ከኋላ።

ሆዷ ካስፋልቱ አራት ጣት ሲቀረው፣
ፒያሳን ያለ ጉዳይ ሦስቴ ብዞረው፣
ሊስትሮው ብሩሹን አስቀምጦ አየኝ፤
ፎቶ አንሺው ከደጁ ወጥቶ "ቁም!" አለኝ።
ቆምኩለት።
መኪናዬ ባጠረች ልክ፣ እኔ የረዘምኩ መሰለኝ።

ከዚያማ ኮብልስቶኑ መጣ።
ከአራዳ ቁልቁል ስወርድ፣ ነፍሴ በጥርሴ ልትወጣ፣
እያንዳንዱ ጠርብ ስሙን ነገረኝ፤
በወገቤ ገብቶ በማጅራቴ አናገረኝ።
የመንገድ ጉብታ ባየሁ፣ እንደ ባለ ስለት
ቆሜ ተለማመንኩ፣ አንገቴን ሰብሬለት፤
በጎን፣ በሰያፍ፣ አንድ ጎማ አንድ ጎማ አሻግሬ…
ማርሚታው ግን ተፋቀ፤
እንደ ተረገጠ ውሻ ጮኸ ከስሬ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ግራ እጄ መሪ ይዞ፣
እንቁላል ነጋዴዋን ትርንጎን ጫንኩ ከአዘዞ።
ጭዱን ከስር አንጥፋ፣
ቅርጫቷን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ።
ገበያው በር ደርሰን ነጠላውን ብትገልጠው፣
አስኳል ከጭድ ተቦክቷል፤ ማን ይብላው፣ ማን ይሽጠው?
ቆጠረች። አርባ ሦስት።
አልተቆጣችም። ቁጣስ በማረኝ።
"'ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል' ሲባል
ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም ያውቃል!
በዚች ከመሳፈር፣ በእግሩ መሄድ ይሻላል።"

ሰኞ አዛናው ዘንድ ሄድኩ፣ ሳሙና በር ከመንደሩ፤
ጋራዡ አንዲት ባህር ዛፍ ናት፤ ክሪክና ቺያቤ ከስሩ።
ከመኪናዋ ሆድ ስር ተጋድሞ ብዙ ዝም አለ፤
ብቅ ሲል፣
"ሞላውን ቆርጠህ ጥለህ፣
ምን ትጠይቀኛለህ፣ 'ምን ጎደለ?'"

ላስረዳው አፌን ስከፍት፣ እሱ ብሎን ይፈታል።
"ከፍ አድርጋት አልልህም፤ ዝቅታው ያምርባታል።
ዝቅ ማለትና መድረቅ ግን፣ ማን አንድ ነው ብሎሃል?
ሰው እንኳን ሲያጎነብስ ጉልበቱ ይታጠፋል።"

አምስት ቀን ሠራን።
አጥሮ የተሠራ ሞላ፣ በመጋዝ ያልተቆረጠ፣
ለጠጠር እሺ የሚል፣ ለጉድጓድ የሚኮሳተር ተመረጠ።
አሞርዛተሩ ለካ ዘይቱን አልቅሶ ጨርሶ፣
ስንፈታው ደርቆ ወጣ፣ አፈር ለብሶ።
የባሌስትራውን ላሜራዎች በትነን፣ ዝገቱን ፍቀን፣
ግራሶ ቀብተን፣ እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች አስታርቀን፣
ለፎቶ የገዛሁት ስስ ጎማ ወርዶ፣ ጎኑ የወፈረ መጣ፤
የደረቀ ጎሚኒ ሁሉ እንደ ክፉ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ።
በመጨረሻ የጎማውን ነፋስ ጥቂት አስተነፈሰው፤
"ያንተንም አብሬ ነው" ብሎ ሳቀ ያ ሰው።

ቅዳሜ፣ ደግሞ ከአዘዞ። ትርንጎ እያመነታች
አንድ ደርዘን ብቻ ለፈተና አመጣች።
ኮብልስቶኑ ያው ነው፤ ድንጋዩም ያው ነው፤
ዛሬ ግን በለሆሳስ ነው ወገቤን የሚያናግረው።
ጉብታው ላይ ስንደርስ፣ ትንፋሼን ሳልመልሳ፣
አንዴ ሰግዳ ቀና አለች፤ ማርሚታው አላገሳ።

ትርንጎ ቆጠረች። አሥራ አንድ ደኅና።
አንዱ እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር አውጥቷልና
አዛናውን ጠየቅኩት።
"እሱ የዶሮዋ ጥፋት ነው" አለኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

ፎቶ አንሺው ዛሬም ከደጁ "ቁም!" አለኝ።
አልቆምኩም።
እንቁላል ይዣለሁ፤ የሰው ዕዳ አለብኝ፤
ለያንዳንዱ እንቁላል አንድ ቅዳሜ በነፃ ልጭን ተስማምተን፣
አንዱ ወረደልኝ፤
አርባ ሁለት ቀረኝ።